ካርፔት ታይል በቤት ውስጥ፦ ሳይንቀሳቀስ፣ ግን እንዲነሳ አድርጎ ማንጠፍ

ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ባዶ ሊሾ ነው። ሊሾ ለማጽዳት ይመቻል፤ ግን በሐምሌና በነሐሴ እግር ያደነዝዛል፣ ወንበር በተጎተተ ቁጥር ታች ያለው ጎረቤት ይሰማል፣ ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱ ይላጣል። ሴራሚክ ማስነጠፍ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ባለሙያና ብዙ አቧራ ይጠይቃል፤ ብርዱንም ሆነ ድምፁን አያስቀርም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚዘረጋው ሞኬት ሁለቱንም ይቀንሳል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ ፍም ከወደቀበት ጠባሳው ምንጣፉ እስኪጣል ድረስ አብሮ ይኖራል። እኩል እኩል ተቆርጦ በካርቶን የሚሸጠው ምንጣፍ፣ ነጋዴዎች ካርፔት ታይል የሚሉት፣ ይህን የመጨረሻውን ችግር ይፈታል። የተበላሸውን አንዱን አንስቶ ሌላ መተካት ይቻላልና። ሥራውንም ጥንቃቄ ያለው ሰው ከአንድ ረዳት ጋር ሆኖ በራሱ ሊወጣው ይችላል።

እያንዳንዱ ታይል አብዛኛውን ጊዜ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አራቱ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላሉ። የምንረግጠው ጸጉር የሚሠራው በብዛት ከናይለን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ከስሩ ደግሞ ከሬንጅ ወይም ከፒቪሲ የተሠራ ከበድ ያለ ጀርባ አለው፤ ታይሉ ወለሉ ላይ ልጥፍ ብሎ የሚተኛው በዚህ ጀርባ ክብደት ነው። ዕቃው የተስፋፋው በቢሮ በኩል ነው። አሜሪካዊው ሬይ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1973 በጆርጂያ ግዛት፣ ላግሬንጅ በምትባል ከተማ ኢንተርፌስ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁም፣ አውሮፓ ውስጥ ያየውን ይህን ምንጣፍ ለአሜሪካ ቢሮዎች ማቅረብ ነበር ሐሳቡ። ቢሮዎች የወደዱትም በቀላሉ ስለሚነሳ ነው። ወለል ስር የሚያልፍ የመብራት ወይም የስልክ ሽቦ ሲበላሽ ሁለት ሦስት ታይል አንስቶ፣ ጠግኖ፣ መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል።

እኛ ቤት ሲገባ ግን ይህ ዋና ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። «እንዳይነቀል» ተብሎ ማስቲሽ ይፈስበታል፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ታይል ማንሳት ሊሾውን አብሮ መላጥ ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለአንድ ግብ ነው፦ ታይሉ ስትሄዱበት እንዳይንሸራተት፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ደግሞ በአንድ ካቻቢቴ ብድግ እንዲል።

የትኛው ክፍል?

መኝታ ቤት፣ ሳሎንና የልጆች ክፍል ይስማሙታል። ማዕድ ቤት፣ መታጠቢያ ቤትና በረንዳ አይስማሙትም፤ ውሃ በየመጋጠሚያው ይገባና ከስር ይቀመጣል። ምድር ቤት ላይ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ የወለሉን እርጥበት ሳትፈትኑ ምንም አትግዙ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ወደ በኋላ እገልጸዋለሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ቫኪዩም የሌለበት ቤት ካርፔት ታይል ባያነጥፍ ይሻላል። መጥረጊያ የላዩን ጉድፍ ያነሳል እንጂ ጸጉሩ ውስጥ የገባውን አቧራ አያወጣም። በበጋ የሚነፍሰው አቧራና በክረምት ከጫማ ስር የሚገባው ጭቃ እዚያው ይጠራቀማል፤ ቁንጫም ከገባ መደበቂያ ያገኛል። አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ከምቾት በላይ ነው። ቫኪዩም ለመግዛት አቅም ከሌለ ሊሾውን በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፍኖ አልጋው አጠገብ አንድ ተጠቅልሎ የሚራገፍ ምንጣፍ መዘርጋት የበለጠ ንጹሕ ነው።

ሲገዛ

ሱቅ ውስጥ ታይሉን ከካርቶን አውጡና ወለሉ ላይ አስቀምጡት። አራቱም ጥጎች ተኝተው መቅረት አለባቸው። ጥጉ ወደ ላይ የሚታጠፍ ታይል ቤት ገብቶ አይስተካከልም፤ የሰው እግር ይይዛል። ቀጥሎ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ እጠፉትና ውስጡን እዩ። ጸጉሩ ሳስቶ ጀርባው ፍንትው ብሎ ከታየ ታይሉ ስስ ነው፤ ቶሎ ይላሻል። ጠርዙ ላይ ያለውን ክር በጥፍር ሳብ ሳብ አድርጉት፤ በቀላሉ ከወጣ ተዉት። ለቤት የምመርጠው ጸጉሩ ተቆርጦ የቆመውን ሳይሆን ክሩ ታጥፎ የሚመለሰውን አጭር ዓይነት ነው። የተረገጠበት ቦታ ቶሎ አይተኛም፣ ፍርፋሪም ወደ ውስጥ አይሰምጥበትም። ድመት ያላችሁ ግን ጥፍሯ ክሩን መዝዞ ሊያወጣው እንደሚችል አስቡበት።

በካርቶኑ ላይ የቀለሙ ስም ብቻ ሳይሆን የምርት ምድብ ቁጥርም ተጽፏል። የሁሉም ካርቶኖች ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስሙ አንድ የሆነ ግራጫ በሁለት የተለያየ ጊዜ ከተነከረ፣ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲተኛ ልዩነቱ ከበር ላይ ይታያል። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ሁለቱን ታይሎች ይዛችሁ ወደ ፀሐይ ውጡ። የቀለም ነገር ከተነሳ፣ አንድ ወጥ ነጣ ያለ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት የክረምቱን ጭቃ አስታውሱ። የተለያየ ክር የተቀላቀለበት መካከለኛ ቀለም ጉድፉንም፣ የመጋጠሚያውንም መስመር ይሸፍናል።

ብዛቱን በካሬ ብቻ ካሰባችሁ ያጥራችኋል። ምሳሌ ልውሰድ፦ 3.6 በ4.2 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት። ስፋቱ ወደ 15.1 ካሬ ነው፤ በአራት ሲባዛ 61 ታይል ይመስላል። ነገር ግን በ3.6 ሜትሩ በኩል 8 ረድፍ፣ በ4.2 ሜትሩ በኩል 9 ረድፍ ያስፈልጋል፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ተቆርጠው የሚገቡ ናቸውና። 8 በ9 ሲባዛ 72 ነው። ቁራጩ ለሌላኛው ጠርዝ የሚበቃበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ክፍል ግን፣ ቀጥለን እንደምናየው፣ አይበቃም። አንዱ ካርቶን 20 ታይል ከያዘ አራት ካርቶን ትገዛላችሁ፤ 8 ታይል ይተርፋል። ያ ትርፍ ብክነት አይደለም፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ከገዛችሁት ዓመት በኋላ ያው ቀለም ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል።

ሊሾውን ማዘጋጀት

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ወይም ጣውላ ወለሉ ላይ አጋድሙና ከስሩ ብርሃን የሚያሳልፍበትን ፈልጉ። ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ ያለ ጉድለትን ታይሉ ይችለዋል። ከዚያ የሚበልጠውን ጉድጓድ በቀጭን የሲሚንቶ ቡኬት ወይም ለወለል በተሠራ መሙያ ድፈኑት። ግንበኞች ጥለውት የሄዱትን የደረቀ የሲሚንቶና የኖራ ነጠብጣብ በመሮ ቀስ ብላችሁ ላጡ። ትንሿ ጠጠር ታይሉ ስር ከቀረች በየቀኑ እግር ላይ ትሰማለች፤ ጸጉሩም እሷ ባለችበት ቦታ ቀድሞ ያልቃል።

ሊሾውን በመዳፋችሁ እሹት። እጃችሁ ነጭ ዱቄት ይዞ ከተነሳ ኮላም ሆነ ፕላስተር የሚይዘው ያንን ዱቄት እንጂ ወለሉን አይደለም፤ በሳምንቱ ይለቃል። ጠርጎ፣ በቫኪዩም መጥጦ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ ማድረቅ፤ ያም ሆኖ ዱቄቱ ካላቆመ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለመቀባት የተሠራ ማጠንከሪያ አንድ ጊዜ መቀባት ያስፈልጋል።

ወደ እርጥበቱ ልመለስ። አዲስ ሊሾ ላዩ ነጥቶ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። ውፍረቱ አራት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቢያንስ አንድ ወር ከአንድ ሳምንት ያህል መቆየት አለበት፤ በክረምት ከዚያም ይረዝማል። ለማረጋገጥ እንዲህ አድርጉ፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ውሃ የማያሳልፍና ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አየር እንዳያስገባ አድርጋችሁ ለጥፉ። ሙሉ ቀንና ሌሊት ተዉት። ሲነሳ ላስቲኩ ውስጥ የውሃ ጠብታ ካለ፣ ወይም ከስሩ ያለው ሊሾ ከአካባቢው ጠቁሮ ከታየ፣ ወለሉ ገና ነው። ግድግዳው ሥር አንድ፣ ክፍሉ መሃል አንድ ብታደርጉ ይሻላል። የታይሉ ጀርባ አየር ስለማያሳልፍ ታፍኖ የቀረው እርጥበት ኮላውን መልሶ ያላላዋል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ ክፍሉም የምድር ቤት ሽታ ይይዛል። ምድር ቤት ላይ ዓመቱን ሙሉ ላስቲኩ የሚያልብ ከሆነ እርጥበቱ ከመሬት ነው የሚመጣው። እዚያ ምንጣፍ አይነጠፍም፤ መጀመሪያ እርጥበቱ ይታከማል።

በሴራሚክ ላይ ማንጠፍ ይቻላል፤ ቅባቱና ሰሙ በደንብ ይጠረግ እንጂ። ፓርኬ ላይ ኮላ አትጠቀሙ። ልቅ የሆነ አሮጌ ፕላስቲክ ምንጣፍና አሮጌ ሞኬት ይነሱ፤ ለስላሳ ነገር ላይ የተነጠፈ ታይል መጋጠሚያው ይከፈታል። አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ቤት የገዛችሁ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ በፊት በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚገኙት ጠንካራ የወለል ታይሎች፣ በተለይ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆኑት፣ ከስራቸው ያለው ጥቁር ማጣበቂያም ጭምር፣ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ሳይነቃነቅ እንዳለ ቢሸፈን ጉዳት የለውም፤ መፋቅና መሞረድ ግን ለሳንባ አደገኛ የሆነውን ብናኝ ያስነሳል። ሳታስመረምሩ አትንኩት።

መሃሉን ማግኘት

ታይሉን ከግድግዳ ጀምራችሁ አትደርድሩ። ቤቶቻችን ውስጥ ትክክለኛ ቀጥ ያለ ግድግዳ ብርቅ ነው። ከግድግዳ የተጀመረ ረድፍ የግድግዳውን ጥመት ይዞ ይሄድና ክፍሉ መሃል ሲደርስ ዓይን ይረብሻል። የሚጀመረው ከመሃል ነው።

ትይዩ የሆኑትን ግድግዳዎች መካከለኛ ነጥብ ለኩና ጠመኔ የተቀባ ሲባጎ ከነጥብ ወደ ነጥብ ወጥራችሁ፣ ከመሃል አንስታችሁ ልቀቁት፤ ቀጥ ያለ መስመር ይታተማል። በሌላው አቅጣጫም እንዲሁ። ሁለቱ የሚቆራረጡበት ቦታ መነሻችሁ ነው፤ ማዕዘኑ ግን ትክክለኛ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትቀጥሉ። ትንሽ ስኳድራ ለዚህ አይበቃም። ከመቁረጫው ነጥብ በአንዱ መስመር 90 ሴንቲ ሜትር፣ በሌላው 120 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 150 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ካልሆነ አንደኛውን መስመር እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ።

አሁን ምሳሌ ወደ ወሰድነው መኝታ ቤት እንመለስ። በ3.6 ሜትሩ በኩል ከመሃል እስከ ግድግዳ 1.8 ሜትር ነው። ሦስት ሙሉ ታይል 1.5 ሜትር ይይዛል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ጥሩ ነው። በ4.2 ሜትሩ በኩል ግን ከመሃል እስከ ግድግዳ 2.1 ሜትር ነው፤ አራት ሙሉ ታይል 2 ሜትር ይይዝና 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቀጭን ቁራጭ በሁለቱም ግድግዳ ሥር ትቀራለች። እንዲህ ያለች ቀጭን ቁራጭ አትያዝም፤ ቫኪዩም በተነካ ቁጥር ትነሳለች። መፍትሔው ያንን የመሃል መስመር የታይሉን ግማሽ፣ ማለትም 25 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ አንዱ ግድግዳ ማዛወር ነው። ያኔ በአንዱ በኩል 1.85፣ በሌላው 2.35 ሜትር ይሆናል። ሦስትና አራት ሙሉ ታይል ገብቶ በሁለቱም ጫፍ እኩል 35 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ለጠርዝ የሚገባው ቁራጭ ከታይሉ ግማሽ ካላነሰ ሥራው የተማረ እጅ የነካው ይመስላል። ቀደም ሲል 72 ታይል ያልነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ 30 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠለት ታይል የሚተርፈው 20 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ሌላኛውን ጠርዝ አይሞላም።

ምን ይያዘው?

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ ማስቲሽ አትጠቀሙ። ቶሎ የሚነድ ፈሳሽ ስላለበት መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታውም እሳቱም አደጋ ነው። ፈሳሹ የሬንጅ ጀርባን ያሟሟል፤ ከደረቀም በኋላ ታይሉ ሳይቀደድ አይነሳም።

በጣም የሚሻለው ለካርፔት ታይል ተብሎ የተሠራው፣ መሠረቱ ውሃ የሆነ ኮላ ነው። ይህ ኮላ ከደረቀ በኋላም እንደ ፕላስተር ፊት ተጣባቂ ሆኖ ይቆያል፤ ታይሉ ወደ ጎን አይሄድም፣ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ይለቃል። በስፖንጅ ሮለር በስሱ ይቀባል። ሲቀባ ወተት ይመስላል። ነጭነቱ ጠፍቶ ውስጡ እስኪታይ መጠበቅ ግድ ነው፤ እንደ አየሩ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በጣት ሲነካ እየሳበ ግን ጣት ላይ የማይቀር ከሆነ ደርሷል። በእርጥቡ ያስቀመጠ ሰው ታይሉን ለዘለቄታው አጣበቀው ማለት ነው። ኮላው ካልተገኘ ባለሁለት ገጽ የምንጣፍ ፕላስተር በክፍሉ ዙሪያና በየሦስተኛው ረድፍ መጋጠሚያ ላይ በመለጠፍ ለመኝታ ቤት በቂ ማያዣ ይሆናል። ሦስተኛም አማራጭ አለ። አራት ታይሎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ከስር የሚገባ ተጣባቂ ካርድ አራቱን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ ወለሉን ግን አይነካም። ተከራይ ለሆነና ወለል እንዳይበላሽ ውል ለፈረመ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው።

ማንጠፍ

ካርቶኖቹን አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ክፈቱና ታይሎቹን በሚነጠፉበት ክፍል አቆዩዋቸው፤ የክፍሉን ሙቀት ይለምዳሉ። ከአንድ ካርቶን ብቻ እየጨረሳችሁ አትሂዱ፤ ከሁሉም እያቀላቀላችሁ ውሰዱ። ጥቃቅን የቀለም ልዩነት ቢኖር ይበተናል።

የታይሉ ጀርባ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ጸጉሩ የተኛበትን አቅጣጫ ያሳያል። ሁሉንም ቀስት ወደ አንድ ወገን ካደረጋችሁ ወለሉ አንድ ወጥ ምንጣፍ ይመስላል፤ ግን ትንሿም ስህተት ትታያለች። አንዱን ወደ ፊት፣ ቀጣዩን ወደ ጎን እያዞራችሁ ካስቀመጣችሁ ብርሃን በተለያየ መንገድ ስለሚያርፍበት ዳማ የመሰለ ገጽ ይወጣል። ለጀማሪ የምመክረው ሁለተኛውን ነው፤ ኋላ የሚተካ አዲስ ታይልም በዚህ አነጣጠፍ ጎልቶ አይታይም።

የመጀመሪያውን ታይል ሁለቱ መስመሮች በሚቆራረጡበት ማዕዘን ላይ አስቀምጡ፤ የሥራው ሁሉ ልክ በዚህ አንድ ታይል ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በሁለቱ መስመሮች ጎን እያስጠጋችሁ፣ እንደ ደረጃ እየሰፋ እንዲሄድ አድርጋችሁ ደርድሩ። ታይሉን ከላይ ወደ ታች አስቀምጡት እንጂ እየገፋችሁ አታንሸራትቱት፤ ጸጉሩ መጋጠሚያው ውስጥ ይቀረቀራል። ከተቀረቀረ በጣታችሁ ወደ ላይ አበጥራችሁ አውጡት። ጎን ለጎን ይነካኩ፣ አይጨናነቁ። ስድስት ታይል ስታስቀምጡ ሜትር ዘርጉ። ሦስት ሜትር መሆን አለበት። ካነሰ ተጨናንቀዋል፤ ሙቀት ሲመጣ መጋጠሚያው ወደ ላይ ይነሳል። ከበለጠ ክፍተት አለ፤ አቧራ ይሞላዋል፣ መስመሩም ይጠቁራል። ስህተቱን እዚያው አርሙት። በኋላ ረድፎች ላይ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

የጠርዙን ቁራጭ በሜትር መለካት አያስፈልግም። የሚቆረጠውን ታይል መጨረሻ ከተነጠፈው ሙሉ ታይል ላይ ልክ ገጥማችሁ አስቀምጡት፤ ቀስቱ በሚገባበት አቅጣጫ ይሁን። ሌላ ሦስተኛ ታይል አምጡና ከላዩ ላይ አድርጋችሁ ግድግዳው ወይም ዞኮሎው ጋ እስኪደርስ አስጠጉት። የሦስተኛው ታይል ጠርዝ ያረፈበት መስመር መቁረጫችሁ ነው። በሁለቱም ጫፍ በከተር ጫር አድርጉና ታይሉን ገልብጡት፤ ጫራዎቹን በብረት ማስመሪያ አገናኝታችሁ ከጀርባው በኩል ቁረጡ። በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ጉልበት አታብዙ። ሁለት ሦስት ጊዜ እየደጋገማችሁ አስምሩበት፣ ከዚያ አጥፋችሁ ስበሩት። ከስር ጣውላ ይሁን፤ የግራ እጅ ጣቶችም ከማስመሪያው ጠርዝ ይራቁ። ያልተሸፈነው ክፍል ልክ ለክፍተቱ የሚሆነው ነው። ሲገባ በፋብሪካ የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ጎረቤቱ ታይል፣ በእጃችሁ የተቆረጠው ወደ ግድግዳው ይዙር። ግድግዳው ጠማማ ቢሆንም ይህ ዘዴ ጥመቱን ተከትሎ ይለካልና እያንዳንዱን ታይል በየቦታው ለኩ። አንድ ጊዜ ለክቶ አሥሩን በአንድ ልክ የቆረጠ ሰው የተወሰነውን ይጥላል።

ለበሩ መቃን ወፍራም ወረቀት ቅርጹን ቆርጣችሁ ሞክሩ፤ ሲገጥም ወረቀቱን ታይሉ ጀርባ ላይ ገልብጣችሁ አስምሩ። ወረቀቱን መገልበጥ የረሳ ሰው ቀኙን ግራ አድርጎ ይቆርጣል። ለቧንቧ ከሆነ ቀዳዳውን ቆርጣችሁ ከቀዳዳው እስከ ቅርቡ ጠርዝ አንድ ስንጥቅ ታደርጋላችሁ። በሩ ራሱ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ይፈተን፦ አንድ ታይል ስሩ አስቀምጡና ክፈቱ፣ ዝጉ። የታይሉ ውፍረት ስድስት ወይም ሰባት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚፋተግ በር ብዙ ነው። የእንጨት በር ከሆነ ወልቆ ታችኛው ጠርዙ በመላጊያ ይላጋል። በበሩ መግቢያ ላይ የታይሉ ጠርዝ ባዶውን እንዳይቀር የአሉሚኒየም ጠርዝ ይመታበት፤ አለዚያ እግር እየያዘው መጀመሪያ የሚነሳው እሱ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ በየመጋጠሚያው ላይ በእግር ረገጥ ረገጥ እያላችሁ ሂዱ። መስኮት ክፈቱ፤ የአዲስ ዕቃው ሽታ በጥቂት ቀናት ይሄዳል። ቁም ሳጥንና አልጋ ስታስገቡ ታይሉ ላይ አትጎትቱ፤ ከስር ጣውላ አንጥፋችሁ አሳልፉ።

ቡና፣ ወጥና ፍም

ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ የካርፔት ታይል ትልቁ ጠላት ፍም ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ የከሰል ፍም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የወደቀው ፍም ሳይነሳ ጸጉሩ ጥቁር ድንጋይ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በምንም አይታጠብም። ማንደጃው፣ የዕጣን ማጨሻውና ረከቦቱ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ሰፋ ያለ የብረት ትሪ ወይም የሴራሚክ ሰሌዳ ይኑር። ቄጠማ የምትጎዘጉዙ ከሆነ ከስሩ ፕላስቲክ ዘርጉ፤ እርጥብ ሣር ተረግጦ አረንጓዴ ይተዋል።

ቡና ሲፈስ ቶሎ በደረቅ ጨርቅ ተጫኑት፤ አትሹት፣ መሸት ቀለሙን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። በርበሬ ያለበት ወጥ ከቡና ይከፋል፤ የበርበሬው ቀለም የሚሟሟው በቅባት ነውና ውሃ ብቻ አያወጣውም። መጀመሪያ በማንኪያ አፍሱት፣ ዱቄት ነስንሳችሁ ቅባቱን አስመጥጡ፣ ከዚያ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ተጫኑ። አልወጣ ካለ ታይሉን አንስታችሁ ቧንቧ ስር እጠቡት። ሲደርቅ ጥላ ቦታ አግድማችሁ አስተኙት፤ ጀርባውም በደንብ ሳይደርቅ አይመለስ።

የተቃጠለውን ለማንሳት ካቻቢቴ በመጋጠሚያው አስገብታችሁ አንዱን ጥግ ከፍ አድርጉና በእጅ ሳቡት። አዲሱን እዚያው ከማስገባታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስቡ። ለሁለት ዓመት የተረገጠ ወለል መሃል አዲስ ታይል ሲገባ ከአካባቢው ደምቆ ይታያል። አልጋው ስር ካሉት ታይሎች አንዱን አንስታችሁ በተቃጠለው ቦታ አስገቡ፤ አዲሱን አልጋው ስር አስቀምጡ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በሩ ፊት ያሉትን ብዙ የሚረገጡትን ታይሎች ጥግ ካሉት ጋር ብታለዋውጡ ወለሉ እኩል ያረጃል።

የተረፉትን ታይሎች አትስጡ፣ አትጠቅልሉ፣ ግድግዳ ላይም አታቁሙ፤ ጥጋቸው ይታጠፋል። አልጋ ስር አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋችሁ አስተኙዋቸው። የቀለሙን ስምና የምድቡን ቁጥር ከካርቶኑ ላይ ቆርጣችሁ ከእነሱ ጋር አስቀምጡ፤ ካርቶኑ ከተጣለ በኋላ ያንን ቁጥር ከየትም አታገኙትም።